የደበቅኩት ወር

እናቴ ማርገዜን የሰማች ቀን መጀመሪያ ያለችኝ «እንኳን ደስ ያለሽ» አይደለም። «ለማን ለማን ነግረሻል?» ነው ያለችኝ። ለባሌ ብቻ ስላት ትንሽ አሰበችና «እሱስ ለማን ነግሯል?» አለች።

እኔም የእሷው ልጅ ነኝ። በር ከቆለፍኩ በኋላ ሁለቴ ገፍቼ ካላየሁ አልሄድም። ሰው ያለ ምክንያት ከሳቀልኝ ምን ፈልጎ ይሆን እላለሁ። ስለዚህ ሆዴ እስኪገፋ ድረስ በመሥሪያ ቤቴ ማንም አላወቀም። ሰፋፊ ሹራብ ለበስኩ፤ ጠዋት ጠዋት ሲያቅለሸልሸኝ ጨጓራዬ ነው አልኩ። ሆዴ አልደበቅ ሲለኝ ደግሞ ወሩን ደበቅኩ። ይሄን እናቴ እንደ ሕግ ነው ያስተማረችኝ። ማርገዝ ያው ይታያል፣ ምን ይደረጋል፤ የምትወልጂበት ወር ግን የራስሽ ነው ትላለች። ሰው ቀንሽን ካወቀ ቀኑን ይጠብቃል፣ የሚጠብቅ ዓይን ደግሞ ለደግ አይደለም። ምጥ እንኳ የሚረዝመው ጎረቤት ሲሰማ ነው ብላ ታምናለች።

እናም ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ ወር ጨምሬ ነገርኩ። ሐኪሙ የጥር መጨረሻ ያለኝን የካቲት መጨረሻ አልኩ።

የምሠራው ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው። የወሊድ ፈቃድ ሕጉን ገና ሦስተኛ ወሬ ላይ በስልኬ አውርጄ አንብቤዋለሁ። ከመውለድ በፊት ሠላሳ የሥራ ቀን፣ ከወለዱ በኋላ ዘጠና የሥራ ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ግልጽ ነው። ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ከመውለድ በፊት ያለው ዕረፍት ሳይወሰድ ቢቀር የት ይሄዳል? ግቢያችን ውስጥ የምትኖር የመንግሥት ሠራተኛ ጎረቤቴን እንደ ዘበት ጠየቅኳት፤ «እኛ ጋ ያልወሰድሽው ወደ ኋላ ይጨመርልሻል» አለችኝ። እሷ ጋ ከሆነ እኔም ጋ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሰውን ሁሉ የምጠረጥር ሰው ይቺን አንዲት ነገር ሳልጠረጥር አለፍኩ።

ያ ዕረፍት የተፈለገው ለእንቅልፍ አልነበረም። ልጁን ማን ይይዝልኛል ነው ነገሩ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ካዛንቺስ፣ ከቢሮዬ በእግር በሚደረስበት ሰፈር ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ከተከራየንበት ቂርቆስ በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ። ጎረቤቶቿም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተበተኑ። ቤታችን የነበረበት ቦታ አሁን ሣር ለብሷል፣ ማታ ማታ መብራት ይበራበታል፣ ሰው ፎቶ ይነሳበታል። ድሮ ቢሆን ልጁን ጠዋት እዚያ ትቼ፣ ምሳ ሰዓት ሮጬ አጥብቼ፣ ማታ ይዤው እገባ ነበር። አሁን የቀረኝ ሠራተኛ መቅጠር ነው። እኔ ደግሞ የማላውቃት ሴት አራስ ልጄን ታቅፋ ቤቴ ውስጥ ስትቀር ማሰብ አልችልም። ቢያንስ ምግብ መቅመስ እስኪጀምር፣ ስድስት ወር ገደማ እስኪሆነው ከእጄ እንዳይወጣ ፈለግኩ። ከመውለዴ በፊት የማርፈው ለእኔ ነው፣ ከወለድኩ በኋላ የማርፈው ግን ለእሱ ነው። እስከ መጨረሻው ሠርቼ ያቺን ዕረፍት ወደ ኋላ ላሳልፍለት ቆረጥኩ።

ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር የገዛሁትን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውርጄ ቀኖቹን መሰረዝ ጀመርኩ። እሑዶቹ ወጡ፣ ዓመት በዓላቱም ወጡ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሥራዬን በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየችና ጣቷን አንድ ቀን ላይ አሳረፈች።

«ይሄስ? ቂርቆስ አይደለም እንዴ?»

«ወርኃዊው ነው እማዬ።»

«ታዲያ አይሠራም። ይሄም ማርያም ነው፣ አይሠራም። ይሄም ኡራኤል ነው።»

«ቢሮው ወርኃዊ በዓል አያከብርም።»

«ታዲያ ያንቺ ቢሮ ምንድነው የሚያከብረው?» አለችና እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ራሷ ሰረዘቻቸው። በእሷ አቆጣጠር ከሄድን ልጁ በእግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነበር ሥራ የምገባው።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ከእናቴ በዕድሜ ትንሽ የምታንስ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴትዮ ናት። ገና ሆዴ እንደታየ ዓይኗ ከእኔ አይነሳም ነበር። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋን ለሆዴ ነው የምትሰጠው። በታኅሣሥ አጋማሽ ቢሮዋ ጠራችኝና በሩን ዘጋች።

«ወርሽ መቼ ነው ልጄ?»

«የካቲት መጨረሻ።»

«እ።» መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «በቃ፣ ከገና በኋላ ለምን አትወጪም? የሐኪም ወረቀትሽን ብቻ አምጪልኝ፣ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ያኔውኑ ጠረጠርኩ። በነገርኳት ወር ከሄድን ከገና በኋላም ሁለት ወር አካባቢ ይቀረኛል፤ ምን አስቸኮላት? በዚያው ሳምንት ደግሞ አንዲት አዲስ ልጅ አጠገቤ እንድትቀመጥ ተደረገ። ሥራውን ትልመድ፣ አንቺ ስትወጪ ትሸፍናለች ተባለ። ልጅቷ ትሑት ነበረች፤ እሱም አስጠረጠረኝ። የማን ዘመድ እንደሆነች ለማወቅ ብዙ ደከምኩ፣ አልተሳካልኝም። የሐኪሙን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ በዚፕ ዘግቼ ያዝኩት። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ እኔ ቢሮ ነኝ። ኃላፊዋ ባየችኝ ቁጥር «እስካሁን አለሽ?» ትለኛለች። አለሁ እላታለሁ፣ እግሮቼ ጫማ እንቢ እያሉ።

ሐኪሙ ባለው ሰሞን አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ምጥ ያዘኝ። ጀርባዬን አመመኝ ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ለማንም አልነገርኩም። ባሌ ኡራኤል ጋ ታክሲ ይዞ ጠበቀኝ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ወገቤን ይዤ እያቃሰትኩ ሆስፒታል ደረስን። በዚያው ዕለት ወንድ ልጅ ወለድኩ። ነርሷ ሚዛን ላይ አስቀምጣው «ይሄማ ጎረምሳ ነው» አለች። እናቴ ደንግጣ ሦስት ጊዜ «እንትፍ» አለችበት።

በማግስቱ ባሌ ቢሮ ደውሎ መውለዴን ተናገረ። ከስልኩ ማዶ አንዲት ሴት «ውይ፣ በስምንት ወሯ!» ስትል ሰማ። ባሌ ምን ይበል? «አዎ» አለ። ለምን አዎ እንዳለ ስጠይቀው «አንቺን እንዳላጋልጥ ብዬ ነዋ» አለኝ።

እንግዲህ በሰባት ወሩ የተወለደ ያድጋል፣ በስምንት ወሩ የተወለደ ግን አይበረክትም ሲባል ያልሰማ የለም። ሐኪሞች ይሄን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ እኛም ሐኪሞቹን አንሰማም። ሳምንት ሳይሞላ የቢሮ ሴቶች አጃና አብሽ፣ የሕፃን ልብስም ይዘው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ መጡ። እናቴ ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ በነጠላ ሸፍና አጠገቤ አስተኝታዋለች፤ ክርስትና ሳይነሳ ፊቱን ለማንም አታሳይም። እነሱ ግን ትንሽነቱን የሸፈንን መሰላቸው። ነጠላውን እያዩ ከንፈር መጠጡ። አንዷ እጄን ይዛ «አይዞሽ፣ ዘንድሮ ማሞቂያ ምኑ አለ፣ ያሳድጉታል» አለችኝ። ልጄ ነጠላው ሥር ወፍሮ ተኝቷል፣ እኔ ማፈሬንና መናደዴን አንድ ላይ እየዋጥኩ «ይስጥልኝ» እላለሁ።

ሌሎቹ ሲወጡ ኃላፊዋ ወደ ኋላ ቀረችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስሚኝ ልጄ» አለች ዝቅ አድርጋ። «ከመውለድሽ በፊት ያልወሰድሽው ዕረፍት፣ ማለቴ በሕጉ ከሄድን፣ እኛ ጋ ተቃጥሏል። ከወለድሽበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠረው ዘጠናው ብቻ ነው።»

ከትራሴ ቀና አልኩ። «ወደ ኋላ አይጨመርም?»

«አይጨመርም። ግን ሥራ አስኪያጁን አነጋግሬዋለሁ። ልጁ ያለ ቀኑ መጥቶ ነው ስለው አዘነና ይጨመርላት አለ። ከሆስፒታል የሰጡሽን ወረቀት ብቻ አምጪ፣ ከማመልከቻሽ ጋር አያይዘዋለሁ። አትቸኩዪ፣ ክርስትናው ይለፍ።»

ስትወጣ ልጁን በነጠላው ላይ ዳበስ አደረገችው። እጇ ትከሻው ላይ ትንሽ የቆየ መሰለኝ።

ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ጤነኛ ወንድ ልጅ ይላል፣ ክብደቱም አለበት። ይቺ ሴትዮ ወረቀቱን የጠየቀችኝ ልትረዳኝ ነው ወይስ ልታጋልጠኝ? ቀድሞውንም ልታስወጣኝ ስትጣደፍ ነበር። አሁን ደግሞ በውሸት ማመልከቻ ልትይዘኝ ይሆናል፤ አዲሷ ልጅ ወንበሬ ላይ እየተደላደለች ነው። ወዲያ ባየው ወጥመድ፣ ወዲህ ባየው ከልጄ ጋር የምቆይበት አንድ ወር ከዚያም በላይ ጊዜ ነው።

ባሌን ነገሩ አልከበደውም። «ማን ያነበዋል? በሐኪም እጅ የተጻፈ ነው» አለ።

ጓዳ ሆና ስትሰማ የነበረችው እናቴ ማማሰያዋን ይዛ ወጣች። «ይሄን የመሰለ ልጅ ያልበሰለ ነው ብላችሁ በማኅተም ልታስጽፉበት?»

«አንቺ አይደለሽ ወሩን ደብቂ ያልሽኝ?» አልኳት።

«ደብቂ አልኩሽ እንጂ አጉድይበት አልኩሽ? ለሰው የተነገረ ነገር ይረሳል። ቢሮ የገባ ነገር ማን ያወጣዋል?»

ተቆጣሁ። ያቺን ዕረፍት የምፈልገው አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ አይደለም ወይ ብዬ ጮኽኩባት። እሷም እኔ ነኝ እንዴ ሰፈሩን ያፈረስኩት ብላ ጓዳ ገባች። ቀኑን ሙሉ አልተነጋገርንም፤ ገንፎውን ግን በሰዓቱ አመጣችልኝ።

ክርስትናው ተነሳ። እኔ ወረቀቱን ለመስጠት ወስኜ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ማመልከቻውንም በጭንቅላቴ ጽፌ ጨርሻለሁ። ከክርስትናው ጥቂት ቀን በኋላ ግን ልጁ አተኮሰው። ጠዋት ጡት እንቢ አለ፣ ከቀትር በኋላ ገላው እንደ ብረት ምጣድ ጋለ። እኔና እናቴ በነጠላ ጠቅልለነው ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ሮጥን። እናቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ያሰበችውን ግን አውቃለሁ፣ እኔም እሱን ነው የማስበው። በስምንት ወሩ ነው ያልኩት ልጅ፣ እንደ ስምንት ወር ልጅ ሊሆንብኝ ነው።

የክሊኒኳ ነርስ ካርድ አወጣችና ሳታየን ጠየቀች።

«ጊዜው ደርሶ ነው የተወለደው?»

«ደርሶ!» አልን እኔና እናቴ እኩል። በጣም ስለጮኽን ነርሷ ቀና ብላ አየችን።

ጉንፋን ነበር። ሽሮፕ ሰጡን፣ በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ጡቱንም እንደ ድሮው ይጎትት ጀመር። እኔን ግን ፍርሃቱ አለቀቀኝም። ተምሬያለሁ፣ ሒሳብ ሠርቼ ነው የምበላው፣ ነገሩ ከንቱ እምነት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጄ ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ የሚል ወረቀት ከእኔ ፊርማ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ፣ እሱ ባተኮሰው ቁጥር እኔ እሱን ወረቀት ሳስብ መኖር አልቻልኩም።

በሳምንቱ ልጁን ለእናቴ ትቼ ካዛንቺስ ሄድኩ። ኃላፊዋ ቢሮዋ ነበረች። ተነስታ ሳመችኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽሯን አድርጋ ረጋ ብላ አነበበችው፤ የሐኪም ጽሑፍ አላስቸገራትም።

«ሙሉ ነዋ» አለች።

«ሙሉ ነው።»

«አውቄያለሁ።» መነጽሯን አወለቀች። «በነጠላው ላይ ስዳብሰው ትከሻው ራሱ ነገረኝ። ከዚያም በፊት አውቃለሁ። እኔም ሦስት ወልጃለሁ፣ የአንዱንም እውነተኛ ወር አልተናገርኩም። ሴት ወሯን ስትነግረኝ አንድ እቀንሳለሁ። ከገና በኋላ ውጪ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ አልሰማ አልሽ።»

ፊቴ ጋለ። ያቺ ሴትዮ በእኔ ውሸት ውስጥ የእኔን እውነተኛ ወር አይታ ትክክለኛዋን ቀን ነግራኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ወረቀቱን በዚፕ ዘግቼ ዕረፍቴን አቃጠልኩ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬዬ እዚያው አላረፈም።

«ታዲያ ካወቁ ለሥራ አስኪያጁ ለምን ያለ ቀኑ ነው አሉት?»

«ወንድ ነው፣ ምኑን ያውቃል?» አለችና ሳቅ አለች። «ይሄን አጥፌ ከሥር አደርገዋለሁ። እሱ የሚያነበው ከላይ እኔ የምጽፈውን ነው። አንቺ እሺ በይ ብቻ።»

«ምን ብለው ነው የሚጽፉት?»

«ልጁ ቀኑ ሳይደርስ በመወለዱ ብዬ ነዋ።»

ለምን ትረዳኛለች? ደግ ሆና ነው? ወይስ ነገ አንድ ነገር ስትፈልግ ያን ጊዜ እንዲህ አድርጌልሽ ልትለኝ ነው? እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። ይሄ ባይኖርም ግን መልሴ ያው ነበር። ጡቴ ወተት ሞልቶ እያመመኝ ነው፣ ልጁ እንደራበው አውቄያለሁ፣ ከእሱ ጋር የምሆንበት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ እጄን ብዘረጋ የእኔ ነው።

«አይጻፉት» አልኳት። «በቀኑ ነው የተወለደው። በቀኑ ብለው ይጻፉልኝ።»

መነጽሯን መልሳ አደረገች። ሐቀኛ ነች ብላ አስባ ከሆነ ተሳስታለች። ፈርቼ ነው።

«እንደ ልብሽ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ቀኖቹን ቆጠርን፣ እሷ በእሷ ካላንደር፣ እኔ በስልኬ። እሑዱን አወጣን፣ ዓድዋንና ስቅለቱን አወጣን። የእናቴ ማርያምና ኡራኤል ሳይገቡበት አንድ ዓይነት ቀን ላይ ደረስን፤ ግንቦት ሊያልቅ ሲል።

ያ ቀን መጣ። ልጁ አራት ወር እንኳ በደንብ አልሞላውም። እናቴ ጉልበቷን እያመማት እሑድ ማታ ትመጣለች፣ ቅዳሜ ወደ አራተኛ ፎቋ ትመለሳለች፤ መሃል ያለውን እኛ ሳሎን ፍራሽ ላይ ታድራለች። የመጀመሪያው ጠዋት ልጁ ጡጦውን በምላሱ ገፋው። በሩን ዘግቼ ስወጣ ያለቅስ ነበር፤ በሩን አንድ ጊዜም አልገፋሁትም፣ ብገፋው ኖሮ ተመልሼ እገባ ነበር። በድሮ ሰፈራችን ሣር አጠገብ አልፌ ቢሮ ገባሁ። አዲሷ ልጅ ሌላ ጠረጴዛ ተሰጥቷታል፤ የእኔን ወንበር ግን ቁመቱን ለራሷ አስተካክላው ነው ያገኘሁት። ሳይረፍድ ወተቱ ሸሚዜን አራሰው። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። አሁን ቤት በሆንኩ ነበር፤ እሺ ብል ኖሮ አሁን ቤት ነበርኩ።

ዓይኔን ታጥቤ ስወጣ ያቺ ማሞቂያ አለ ያለችኝ የሥራ ባልደረባዬ በር ላይ አገኘችኝ። አቀፈችኝና ፊቷን አሳዝና ጠየቀችኝ።

«ያ በስምንት ወሩ የመጣው ልጅሽ እንዴት ሆነልሽ?»

ይቺ ቃል እንዳትጻፍበት ነው ያን ሁሉ ጊዜ የከፈልኩት። ፋይሉ በቀኑ ተወለደ ይላል፣ ማንም ግን ፋይል አያነብም። አፌን ከፈትኩ፤ ሙሉ ልጅ ነው፣ ወሩ ሞልቶ ነው የመጣው፣ ከመወፈሩ የተነሳ እናቴ ስታዝለው ወገቧን ያማታል ልላት ነበር። ዓይኗን አየሁት፤ አፍጥጣ መልሴን ትጠብቃለች።

«ደህና ነው» አልኳት። «ትንሽዬ ናት ነፍሱ፣ ግን ደህና ነው።»

ማታ ቤት ስገባ ይሄንኑ ለእናቴ ነገርኳት። ጭኗ ላይ አልበቃ ያለውን ልጅ በሁለት እጇ ወደ ላይ እየሳበች «ደግ አደረግሽ» አለች። «እንደዚያው ይወቁት።»